እንደፈለግሽ ሁኚ!

ወንድም ጋሼ፣ በታላቅ ጸጸት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ይህን የእማዬን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። እሷ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች ትናገራለች፤ እኔ ያላለችውንም ጣል አደርግበታለሁ።

«ልጄ፣ ሰላምህ ይብዛ። የወፍ ፎቶ ልታነሳ የምትገባበት ረግረግ ሁሉ ይድረቅልህ» ብላለች። ወፎቹ ቢሰሟት ጉዷ ነበር!

ቀጥላ «አዞ ሳይውጥህ ናና ስቱዲዮውን ያዝ» አስጻፈችኝ። ይሄኔ መስኮታችን ላይ ጎጆ የሠራችው ወፍ ብቅ አለች። እማዬ መቀሷን ጥላ ካሜራዋን አነሳች።

«ቀና በይ! አገጭሽን ዝቅ! ኧረ አትንቀሳቀሽ!»

ወፊቱ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሙሽራ እንኳ እንዲህ ደፍሯት አያውቅም! በመጨረሻ «እንደፈለግሽ ሁኚ!» አለቻትና ካሜራዋን እንደያዘች ተቀመጠች። ያን ጊዜ ወፊቱ ዞረች፤ ክንፏንም ዘርግታ ብድግ ስትል እማዬ ቀጭ አደረገቻት።

ፎቶው ተንቀሳቅሷል፤ የሚታየው ክንፍ ብቻ ነው። የተንቀሳቀሰ ፎቶ ለደንበኛ ከመስጠት ሞቷን የምትመርጠው እናትህ ግን አትማ ግድግዳው ላይ ከሙሽሮቹ ፎቶዎች መሀል ሰቀለችውና እንደ ልጅ ሳቀች።

«ለካ እሱም እንዲህ ነው የሚውለው» አለች። ወደ ደብዳቤው ዞራም «ያንን ‹ና› ያልኩትን ሰርዢው» አለችኝ።

ሰረዝኩት።

«ረግረጉም አይድረቅ፤ አንተን ብቻ አያስምጥህ። እንደፈለግክ ሁን፣ ልጄ። የራስህን አንድ ፎቶ ግን ላክልኝ፤ ቢንቀሳቀስም ግድ የለኝም።»

ጋሼ፣ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሷ እንኳ የወረቀቱ ብናኝ ነው ባይ ናት፤ ለካ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው—

«አንቺ ለፍላፊ! ዓይኔን ምን አገባሽ? አምጪ ያንን ወረቀት!»