ለዋርሳዬ ያዋስኩት ጭድ

ጥር 7

ተቀየረ! መመሪያው ተቀየረ! ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩት ልቤ ይፈነዳል።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው የበቆሎ ዘር እየለቀምኩ ሬዲዮኑን እሰማለሁ። ከእንግዲህ የፀሐይ ፓምፕ በድጋፍ የሚሰጠው ማሳውን አራት ጊዜ አርሶ ለላጨ ሰው አይደለም አለ። አፈሩን በሰብል ቅሪት አልብሶ ላቆየ ነው። እርጥበት ይይዛል፣ ለአየር ንብረቱም ይበጃል፣ ምናምን... የቀረውን አልሰማሁም። ወንፊቱን ጥዬ ተነሳሁ።

ስድስት ዓመት አገዳዬን ሳላነሳ፣ ሳላቃጥል፣ በላዩ ላይ ስዘራ ምን ያልተባልኩት አለ? የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ይኸው የገበሬዎች ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነው ዋርሳዬ፣ አምና በስብሰባ መሀል ብድግ ብሎ "የእትዬ ማሳ ከእንቅልፏ የነቃች ሴት ፀጉር ይመስላል፤ ለእንግዳ አይታይም" አለና ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዘው። ፓምፑም ቀረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ዓመቱን ሙሉ ከጉድጓድ ውሃ ስጎትት የከረመ ወገቤ ግን አልሳቀም።

ጥር 8

ባሌ፦ "ወንድሜ እኮ ነው። ተይው በቃ።"

ተውኩት? አልተውኩትም።

ጥር 12

ማስታወቂያው ወጣ። ዋርሳዬ ራሱ ነው የኮሚቴው ቢሮ በር ላይ የመታው። ሁለት ገጽ ነው... ይሄ ጉደኛ ሁለቱን ደርቦ ባንድ ሚስማር! የሚታየው ላይኛው ብቻ። "የማሳው ሲሶ በቅሪት የተሸፈነ መሆን አለበት" ይላል፤ ሰው ያን አንብቦ ይሄዳል።

እኔ ገለጥ አድርጌ ሁለተኛውን አነበብኩት። ሽፋኑ የዚያው ማሳ ቅሪት ይሁን፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አይቆጠርም። ያቃጠለ ሰው ደግሞ ጭራሽ ይወጣል።

ዋርሳዬ አገዳውን ያቃጠለው ኅዳር ላይ ነው። ያሰጣሁትን ልብስ በጭስ ሞልቶ ሁለተኛ አሳጥቦኛል። ታዲያ ጸሐፊው አላነበበውም? መቼ አንብቦ ያውቃል! ማህተም መምታት ነው ሥራው።

ገጹን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ነገርኳት። እሷ የሰማችው ነገር ሳይመሽ ሁሉም ቤት ይደርሳል። ከሷ ጋር የተኳረፈ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን? እሱ ነዋ!

ጥር 19

መጣ! ድምፁ ማር ሆኖ።

"እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?"

"ምነው ዋርሳዬ፣ መንገድ ስተህ ነው?"

"አይ... ያ አውድማ ላይ የከመርሽው የስንዴ ጭድሽ... ትንሽ ብታውሺኝ ብዬ።"

"ለከብት ነው?"

"እ... አዎ። ለከብት።"

ለሁለት ላም ሦስት ጋሪ! "ውሰድ የኔ ጌታ፣ ዘመድ ለመቼ ነው" አልኩት። እኔው ራሴ እየታቀፍኩ ጫንኩለት። ባሌ በመስኮት አይቶ "ታረቃችሁ እንዴ?" አለኝ። ጭድ ለብሼ ቆሜ ሳቅሁ።

ጥር 20

ልንገረው ይሆን? "ገለጥ አድርገህ አንብብ" ብለው ያልቃል... ሄጄም ነበር፣ እስከ በሩ። ከጓሮ ማሳው ላይ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት። "እሷ እኮ ስንፍናዋን ነው ሳይንስ ያስመሰለችው!"

የኔን ጭድ እየበተነ!

ተመለስኩ።

ጥር 27

ሆዴን ይዤ ነው የምጽፈው። በሳቅ።

ማሳ የምታየው የፓምፑ ገምጋሚ መጣች። ቀጠን ያለች ልጅ፣ ቦት ጫማ ያደረገች። ሰው ሁሉ ተከትሏታል። መጀመሪያ የዋርሳዬ ማሳ። እውነት ለመናገር ያምራል፣ አዲስ አልጋ ልብስ የተነጠፈበት ይመስላል። "እኛ ይሄን አሠራር ከጀመርን ቆየን" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ጎንበስ ብላ ጭዱን ዘገን አደረገች።

"ዘንድሮ ምን ነበር የዘራኸው?"

"በቆሎ።"

"በቆሎህ የስንዴ ጭድ አወጣ?"

በጫማዋ ጫፍ ገፋ ስታደርገው ከሥሩ ጥቁር አመድ! የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ዋርሳዬ ዞሮ አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። "ደመና አለ እንዴ?" አልኩት ባሌን።

ከዚያ የኔ ማሳ። አገዳውን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ቆፈረች። በዚህ በጋ አፈሩ እርጥብ! የምድር ትል መዳፏ ላይ ይርመሰመሳል።

"ማን አስተማረሽ?" አለችኝ።

"ስንፍና" አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

የካቲት 4

አንደኛ ወጣሁ! ፓምፑ የኔ ነው!

ባሌ ግን ሁለት ቀን አኩርፎኛል። ዛሬ አፈነዳው። "አውቀሽ ነው አይደል ጭዱን የሰጠሽው?"

"አውቄ ነው።" ምን እዋሻለሁ? "በስብሰባ መሀል ሲያዋርደኝ አንተ የት ነበርክ? አጠገቤ አልተቀመጥክም?"

ከሰዓት የፓምፑ ቧንቧ የሚቀበርበትን ቦይ ብቻውን ሲቆፍር አየሁት። የሱ ይቅርታ በአካፋ ነው።

የካቲት 18

ተተከለ። ሞከርነው፤ ውሃው ተንደቅድቆ ወጣ። ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ አየሁት... አለቀስኩ መሰለኝ።

ዋርሳዬ ሚስቱን ላከ። የሽንኩርት ችግኙ ሊደርቅበት ነው፣ ቧንቧው በአጥሩ ሥር ስለሚያልፍ ትንሽ ቢያጠጣ... ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች? ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አቅፌ ሳምኳት።

ውሃ አልከለክለውም። እሱን የሚያህል ክፋት የለኝም። ግን በሚስቱ አፍ አይሆንም። ያኔ በሰው ፊት ነው የሰደበኝ፤ አሁንም በሰው ፊት ቆሞ "እትዬ፣ ውሃ ስጪኝ" ይበል። ያን ጊዜ ቧንቧውን በገዛ እጄ እከፍትለታለሁ።

ስለዚህ የፓምፑ ምረቃ እሁድ፣ የካቲት 24፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ማሳዬ መሀል። ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ነግሬያታለሁ፣ ማንም አልሰማሁም አይልም። ያኔ የሳቁት ሁሉ ይምጡ፣ አንድም እንዳይቀር። እሁድ፣ አራት ሰዓት።