የማኅሌት የተራራ ስንቅ እና የደረቀው ዶሮ

ታኬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ነፍስህ እንደምን ሰነበተች? ያለ አንተ የያዝኩት ሁለተኛው ሁዳዴ እነሆ ሊጋመስ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እየጾምኩም ወፈርሽ ይሉኛል። ያ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ወርዶ አዲስ ተመቷል። ተራራ ላይ ለእንግዶች ወጥ ትሠራባቸው የነበሩትን ድስቶች ግን ማንም አልነካቸውም፤ ጥላሸታቸውም እንዳለ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው፤ ደስታዬ ላይ ግን ትንሽ ማቅለሽለሽ አለበት። ልጃችን ማኅሌት በአንተ መንገድ ወጣች። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ይዛ ሰሜን ተራራ እየመራች ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዋ። በቅሎ የለም፣ ወጥ ሠሪ የለም። ምነው፣ በቅሎ የሌለበት ጉዞ አለ ወይ ብላት፣ እማዬ ዘመኑ ተቀየረ፣ ሁሉም ስንቁን በጀርባው ነው አለችኝ። ስንቁ ምን መሰለህ? የበሰለ ምግብ በበረዶ አድርቀው ውሃውን የመጠጡለት። ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ምግብ ይሆናል አሉ። እድሜህን ሁሉ ሽንኩርት ስታቁላላ የኖርክ ሰው ይህን ሳታይ መሄድህ አንዳንዴ ደግ ነው እላለሁ።

እንግዶቹ ስንቁን አስቀድመው ለማኅሌት ሰጧት። እሽጉ ትልልቅ ነው፣ ግማሹ ንፋስ፤ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። እየተከፈተ ወደ ትናንሽ ላስቲክ መገልበጥ ነበረበት። እሷ የጎደለ ነገር ልትገዛ ፒያሳ ወረደች፣ ሥራው ለእኔ ተረፈ። አደራዋ አንድ ነበር፤ ባቄላና ሩዙን በነጭ ክር፣ ዶሮና እንቁላሉን በቀይ ክር እሰሪው አለችኝ። ከዚያው ስንቅ የምትበላው እሷም ናትና፣ ከተሳሳተች ወይ ጾሟን ትገድፋለች፣ ወይ በዚያ ብርድ ጦሟን ታድራለች።

የመጀመሪያውን ቀደድኩት። ዶሮ የተባለው ምስጥ የበላው እንጨት ይመስላል። እንቁላሉ ከግድግዳ የተላጠ ቢጫ ቀለም ነው። ብናኙ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ታጥቤ ታጥቤ አልለቅ አለኝ። አፍንጫዬም ገብቷልና ጾሜን ገደፍኩ ወይ ብዬ የነፍስ አባቴን ላስጠራ ነበር። በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ገብታ አየችና፣ አንቺ፣ ይሄ ዶሮው ነው ወይስ የዶሮው መኖ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬ ሆነ። ታውቀኛለህ፣ አፌ ሲሠራ እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሁሉንም ገልብጬ ከመርኩት፣ ስሙ የተጻፈበትን ትልልቁን እሽግ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ክሩ ግን አልታሰረም። በዓይን እንዳልለየው ሁሉም ተፈርፍሮ አንድ መልክ ሆኗል።

እኔ አልደነገጥኩም። ለፋሲካ ዶሮውን ሳልቀምስ በማሽተት ብቻ ጨው የምለካ ሴት ዶሮን ከባቄላ መለየት ሊያቅተኝ? አንድ በአንድ አሸተትኩ። ወይ ፍንክች። ሁሉም የከረመ ካርቶን ነው። ውሃውን ሲመጥጡት ሽታውንም ይዞት ሄዷል ማለት ነው። እንግዲያው ላነቃው ብዬ ውሃ አፈላሁና ከላይ ባሉት ጥቂት ላስቲኮች ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ያን ጊዜ ነቃ። እርጥብ የበግ ለምድ በለው፣ የጥጃ ትውከት በለው፣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩ። ዶሮ ነው ብዬ ቀይ ክር አሰርኩና ወደሚቀጥለው ስሄድ የፊተኛው ማበጥ ጀመረ። የረጠበ ነገር እዚያው መበላት እንዳለበት ያኔ ታወሰኝ። በሁዳዴ ማን ይብላው? ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት፤ አሸተተና እንደ ሰደብኩት ቀና ብሎ አይቶኝ ሄደ።

ከዚያ ማኅሌት ገባች። በማግስቱ ጉዞ ነው፣ የመጀመሪያ እንጀራዋ ነው፣ የሰው ስንቅ አበላሽቻለሁ። ድስቱን አየች፣ ክሩን አየች፣ እኔን አየች፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ፣ የተረፈውን አትንኪው፣ ሁሉም ለእነሱ ይሁን፣ እኔ አንድ ጉርሻ አልቀምስም አለች። ሄዳም የሆነውን ሳትደብቅ ለእንግዶቹ ነገረቻቸው። እኔ ገብስ ቆልቼ ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። በተበላሸው ቦታ በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ ያዘች።

ትናንት ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ደወለች። ምን በሉ ብዬ ጠየቅኋት። እንግዶቹ ሙቅ ውሃውን ከማፍሰሳቸው በፊት ዶሮ ነው ባቄላ ነው እያሉ ይወራረዳሉ፤ የተረታ ዕቃ ያጥባል። ሁልጊዜ የሚያጥበው ባልየው ነው አለች። ሚስቲቱ በሶውን ቀምሳ አሸዋ ነው ብላለች። ትበል፣ የእሷን ያሸተትኩ እኔ ምን አልኩ።

ንፋሱ እሳቷን ሊያጠፋባት ሲል፣ አባዬ ያደርግ እንደነበረው ብላ ድንጋይ ክባ ከለለችው። እንደ አንተው እንግዶቹ ሳይበሉም አትቀምስም። ይህን ስትነግረኝ ጥላሸታም ድስቶችህን ዞር ብዬ አየሁ። አንተ ስትሠራ ያን ያህል ታይህ እንደነበር አላውቅም ነበር።

እሑድ ትመለሳለች። እግሯን በሙቅ ውሃ አጥቤ የሄደችበትን ሁሉ አስወራታለሁ፣ የት እንዳደረች፣ ምን እንዳየች። ከዚያ መቃብርህ ጋ መጥቼ ምንም ሳላስቀር እነግርሃለሁ፤ ልጅህ ተራራ በወጣች ቁጥር እንዲሁ አደርጋለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ ሳትሰማ የምትቀር ነገር የለም።

የአንተው የሺ