በዲስኩ ጀርባ የቀረው

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሦስት ደንበኛ ብቻ... ሁለቱ ለጥፍር፣ አንዷ ለወሬ። ከሰዓት ወንድሜ ቴፎ ትኩስ ማግዊንያ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ጠቅልሎ ጥፍር ወደምሠራበት ሳሎን መጣ። ደግ ሲሆን ነገር አለው። ነበረውም። እሁድ ሜዳ ላይ ያቺን ጉሼሼ የሚላትን አሮጌ መኪናውን ተመልካች ፊት ሊያሾር ነው፤ በጎማው ቀዳዳ የሚታዩት የፍሬኑ መያዣዎች፣ ካሊፐሮቹ፣ ዝገው አሳፍረውታል። ቀለም ቤት መውሰድ ደግሞ አቅም የለም።

“አንቺ ቅቢልኝ ሊምፖ። በሴቦኬንግ እንዳንቺ እጁ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ?”

“ፍሬን ጥፍር መሰለህ?”

“ትልቅ ጥፍር በይው።”

እሺ አልኩ። መቼ እምቢ ብዬው አውቃለሁ?

አርብ፣ ጁላይ 5

የእረፍት ቀኔ። ቴፎ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቹን ፈቶልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ካሊፐሮቹን ሳልፈታ እዚያው ባሉበት ፈገፈግኳቸው። የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ ስፒሪት። ቀለሙ ጎረቤት ምድጃውን ቀብቶ የተረፈው፣ ሙቀት የሚችል ቀይ። ቀለም እንዳይነካቸው ዲስኮቹን፣ ከጎማው ጋር የሚዞሩትን ክብ ብረቶች፣ የምሸፍንበት ፕላስተር ሁለተኛው ጎማ ላይ አለቀብኝ። ምን ላድርግ? እንደ ሳሎኑ አደረግኩ። ጥፍር ዙሪያ ቆዳው ላይ ቀለም እንዳይዝ ቫዝሊን እንደምንቀባው፣ ዲስኮቹን በቫዝሊን አሸኋቸው። ሁለት እጅ ቀባሁ። ሲደርቅ ቫዝሊኑን ጠረግኩ። እንዴት ያምራል!

ቴፎ ሲመለስ ዞሮ ዞሮ አየው። “እጅሽ ይባረክ! እንዳይቆሽሽ እስከ ሜዳው አልነዳውም፣ በጭነት ነው የማስወስደው።”

እሁድ፣ ጁላይ 7

ፑሌ... የቴፎ የልብ ጓደኛ። ሜዳው ዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጸው ነበር። መኪናው አልቆመም። እግሩን ከአጥሩ ብረት ጋር አጣበቀው። ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰዉ “ጠጥቶ ነው” ይላል። ቴፎ ጠብታ አልቀመሰም። “እግሬ ፍሬኑን ስቶት ነው” ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

የፑሌ ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብረት አስገብተውለታል። ሥራ አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሥር ገብቼ ጣቴን በዲስኩ ጀርባ ሰደድኩ። ጥቁር ቅባት፣ ያ ቫዝሊን። በሙቀቱ ቀልጦ እስከ ፍሬን ሸራው ገብቶ አንሸራቶታል። የጠረግኩት የሚታየኝን ፊቱን ብቻ ነበር... ጥፍር ጀርባ የለውማ! እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ለቴፎ ነገርኩት።

“አውቃለሁ። ቅባቱን እሁድ ዕለቱኑ አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን...?”

“እኔን ሰፈሩ መስደብ ለምዷል። ለአንቺ ግን ማን ከእንግዲህ ጣቱን ይሰጥሻል? አፍሽን ያዢ።”

አለቀስኩ። ትንሽም ቀለለኝ። እንዴት አያሳፍር!

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ለይቅርታ ፑሌ ቤት ሄድን። አጎታችን ሻኬ በግ አስጎትቶ ፊት ፊት። ደንቡ ነው፤ የእናት ወንድም ይናገራል፣ ያጠፋ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። “ልጃችን ቴፎ አጥፍቷል” አለ አጎቴ። የፑሌ አባት፣ በአክብሮት ንታቴ የምንላቸው ሞሌቲ፣ በጉን ዞር ብለውም አላዩት።

“ቁልፉን ያምጣ። ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ።”

ቴፎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከዚያች መኪና ሌላ በዚህ ዓለም ምን አለው? እጁን ሲዘረጋ አየሁ...

“እኔ ነኝ!” አልኩ።

“አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ!” አለ አጎቴ።

አልተቀመጥኩም። ቫዝሊኑን፣ የዲስኩን ጀርባ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የፑሌ እናት ጥፍሮቿን አየች። ባለፈው ወር የሠራሁላት ናቸው።

ንታቴ ሞሌቲ የተዘረጋውን ቁልፍ ወደ ቴፎ መልሰው ገፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ግን ልጄ ቆሞ እስኪሄድ በየጠዋቱ ትመጫለሽ። ውሃውን ታሞቂያለሽ፣ አልጋውን ታነጥፊያለሽ። ያን እግር በየቀኑ እዪው።”

ረቡዕ፣ ጁላይ 31

ሳሎኑ ባዶ። “ፍሬን ቀቢዋ” ይሉኛል፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። ቴፎ ሸራዎቹን ቀይሯል፣ መኪናውን ግን “ፑሌ ሳይነሳ አልነካውም” ብሏል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ። ውሃ፣ ገንፎ፣ አልጋ። ፑሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እስካሁን አንድ ቃል አልነገረኝም። እኔስ ብሆን?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ዛሬ በክራንች እስከ በሩ ሄደ! ላብ አጠመቀው። ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። ራሱ ተመልሶ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ።

“ነገ አትምጪ።”

ተናገረኝ ስል፣ ለዚህ? ዕቃዬን ማንሳት ጀመርኩ።

“ይህን ሁሉ ጊዜ አንቺ ነሽ የመጣሽው” አለ፣ እግሩን እያየ። “ነገ እኔ ነኝ የምመጣው።”

ከቤታቸው እስከ ሳሎኑ ሁለት መንገድ መሻገር አለ። ይችል ይሆን? ሳሎን ገብቼ የደንበኛውን ወንበር ወደ በሩ አስጠጋሁት።