ከሰማያዊው በር ላይ ስለተፋቀው የባለቤቴ ወረቀት

ለክቡር አቶ ፕላመን ዩሩኮቭ
የቤሎካመን አሮጌው ከተማ የእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በደስታና በዚያ በለስላሳው ወንበርዎ ላይ ተደላድለው ሳሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ባል ከመቅበሬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስለይ የኖርኩ ሴት በመሆኔ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አላጣውም። በእጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ግን ሦስተኛውን ለመላው ከተማ በሚደርስ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁና፣ ድፍረቴን በተለመደው ትዕግሥትዎ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

በቅድሚያ «ቤሎካመን በሁለት ቀን» ብለው ላሳተሙት የጉብኝት ዕቅድ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእውነቱ ድንቅ ሥራ ነው። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬባት ያልጨረስኳትን ከተማ፣ አንድ እንግዳ ዛሬ ጠዋት ገብቶ ነገ ከምሳ በኋላ ጨርሷት እንዲሄድ ማድረግ ለማንም የሚሰጥ ችሎታ አይደለም። ሰው ገና በአገሩ፣ በሳሎኑ ተቀምጦ ዕረፍቱን ሲያስብ፣ በስንት ሰዓት የት ቆሞ ምን እያየ እንደሚደነቅ እርስዎ ወስነው ያስቀምጡለታል። ለምሽጉ አርባ ደቂቃ፣ ለደወሉ ማማ ግማሽ ሰዓት፣ ለቅድስት ፔትካ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ማብራትን ጨምሮ አሥር ደቂቃ ሰጥተዋል። እግዚአብሔርም በተመደበለት ጊዜ ተጠቅሞ እንደሚጨርስ አልጠራጠርም።

በዚህ ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በበርሜል ሠሪዎች ጎዳና ለሃያ ደቂቃ የሚታይና ፎቶግራፍ የሚነሣ «ሰማያዊው በር» የሚባል ነገር አለ። ያ በር የቤቴ በር ነው። አቤቱታዬም ከዚያው ይጀምራል።

አንደኛ፣ በሩ «የአምስት መቶ ዓመት ምስጢር ያዘለ ሰማያዊ» እንዳለው ጽፈዋል። ምስጢሩን እነሆ፦ ሟቹ ባለቤቴ ሊዩበን ሂሪስቶስኮቭ ሠላሳ አንድ ዓመት የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አውቶቡሶቹ ቀለም ሲቀየርላቸው ከጋራዡ የተረፈውን ሰማያዊ በባልዲ ተሸክሞ መጣ። እኔ አረንጓዴ ይሁን ብዬ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅኩ። እርሱ አንዴ አይሆንም ካለ ግን አይሆንም ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ በሩ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ይህን የማነሣው ታሪክዎን ለማበላሸት አይደለም። በሩን ለእርስዎ ዕቅድ ያሳመረልዎት ማን እንደሆነ ቀጥሎ ለምነግርዎ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሁለተኛ፣ እርስዎ የዚህች ከተማ ልጅ ነዎት ሲባል ብሰማም የተማሩት ሩቅ ስለሆነ ባይረሱት ይገርመኛልና፣ እኛ ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን ላስታውስዎ። የሟቹን ፎቶግራፍ፣ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ጥቁር ጠርዝ ባለው ወረቀት እናሳትማለን። ያንን በቤታችን በር፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ፣ በየዛፉ እንለጥፋለን። በአርባው ቀን፣ በሙት ዓመቱም እንደገና እንለጥፋለን። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ግድግዳውን አንብቦ ማን እንደሞተ፣ ማን ዘንድ ለቅሶ መድረስ እንዳለበት ያውቃል፤ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ሁሉም ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። እናቴም፣ የእናቴም እናት መርዶ የሰሙት ከግድግዳ ነው።

ሊዩበን ማክሰኞ ሞተ። ረቡዕ በማለዳ የእኅቴ ባል አርባ ወረቀት ይዞ ወጥቶ ከድልድዩ እስከ ምሽጉ በር ለጠፈ፤ የመጨረሻውን በገዛ በራችን ላይ አደረገው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አንዱም አልነበረም።

ፋቂው ሚንቾ ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ ስለሆነ ያውቁታል፣ ባያውቁትም መሰላሉን ያውቁታል። የቤቴን በር ሲፍቅ የደረስኩበት እኔ ራሴ ነኝ፤ ወረቀቱ ከሊዩበን ግንባር ላይ ተቀድዶ በእጁ ላይ ነበር።

«ወይዘሮ ዳፊንካ፣ እኔን አይቆጡኝ፤ ታዝዤ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «በጉብኝቱ መስመር ላይ ወረቀት አይታይ ተብያለሁ። ጋሽ ሊዩበንማ ስንቴ ቆሞ ጠብቆኛል!»

ሊዩበን ለሚሮጥ ተሳፋሪ ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ በዚህም ምክንያት አንድም ቀን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ ለዚህ ስንት ጊዜ እንደተገሠጸ የጋራዡ መዝገብ ይመስክር። ሚንቾን አልተቆጣሁትም። እርስዎን ግን እጅግ አድርጌ ተቆጥቻለሁ፤ አሁንም እየተቆጣሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ያንኑ ዕለት ጥቁር ሻሼን እንዳሰርኩ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ በጨዋነት ተቀብላ ወረቀት መለጠፍ የሚቻለው «ጊዜያዊ የግድግዳ ማስታወቂያ» የሚል ቅጽ ተሞልቶ ከአሥራ አራት የሥራ ቀን በኋላ መሆኑን አስረዳችኝ፣ ወይም በድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ ማድረግ እችላለሁ አለችኝ። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አምናለሁ። ሊዩበን ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቅጽ መሙላት ነበረበት፤ እርሱ ግን ያን ጊዜ ጓሮ ውስጥ ቃሪያ ይኮተኩት ነበር። እርስዎም ከውስጠኛው ክፍል ብቅ ብለው አንድ ነገር ተናገሩኝ። ቃልዎ እንዳይጠፋ እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦

«ወይዘሮ፣ እንግዳ እኮ ለሁለት ቀን ሲመጣ ሞት ማየት አይፈልግም።»

ልክ ብለዋል ክቡር ሆይ። እኛም አልፈለግንም ነበር።

ስልክ ደውለሽ አትናገሪም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። ለዘመድ ደወልኩ። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ያመላለሰውን ሕዝብ፣ ትምህርት ቤት ያደረሳቸውን፣ ምጥ ይዟቸው ከመስመሩ ወጥቶ ሐኪም ቤት በር ላይ ያወረዳቸውን ሴቶች ሁሉ ስልክ ቁጥር ማን ይዞታል? እነርሱ በግድግዳው ያነባሉ ብዬ ነበር። ለሁለት መቶ ሰው የሚበቃ የስንዴ ንፍሮ ቀቀልኩ፣ የወይን ጠጅም አዘጋጀሁ፤ ጎረቤቶች እንዳይጨነቁ ወንበር ከአዳራሹ ተዋስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስምንት ሰው መጣ። ከስምንቱ አምስቱ ሴቶች ነን፣ አንዱ ቄሱ ናቸው። አስከሬን ለመሸከም አራት ትከሻ ያስፈልጋል፤ የእኅቴ ባልና አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩን። ሚንቾ፣ መሰላሉን የሆነ ቦታ ጥሎ፣ ሦስተኛ ሆኖ ደረሰ። በበሩ ውስጥ ቆመን አራተኛ ስንጠብቅ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነና፣ እርስዎ ባሰሉት ደቂቃ፣ አንድ እንግዳና ሚስቱ ዕቅድዎን በእጃቸው ይዘው ሰማያዊውን በር ፎቶ ሊያነሡ መጡ። ሰውዬው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ የሬሳ ሣጥኑን አየ። ካሜራውን ለሚስቱ ሰጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የማንንም ቋንቋ ሳይጠይቅ መጥቶ በባዶው ማዕዘን ስር ትከሻውን አስገባ። እስከ መቃብር ድረስ ተሸክሞታል። ሚስቱ ከኋላ ከእኔ ጎን ሄደች፣ ጉልበቴን አይታ ክንዴን ደገፈችኝ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። አምስት ሰዓት ላይ የተያዘላቸውን የደወል ማማ ስላመለጣቸው ዕቅድዎ በመዛባቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ተሸካሚ ስለላኩልን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል።

ንፍሮውን ሳምንት ሙሉ ለእርግቦች በተንኩ።

አራተኛውን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ። ሊዩበን ሜቶዲ የሚባል ወዳጅ ነበረው፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፤ አርባ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ዳማ ሊጫወቱ ይገናኛሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ። ስልክ የለውም፣ በሰው ጆሮ ላይ የሚጮህ ዕቃ አልወድም ይላል። ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ እንደ ልማዱ ድልድዩን ተሻግሮ፣ አሥር ግድግዳ አልፎ፣ ከጓሮው ቲማቲም በከረጢት ይዞ መጣ። ከደጅ ጀምሮ «ያ ሰነፍ ዛሬም አልተነሣም? ያለፈውን ሽንፈቴን ላስመልስ መጥቻለሁ በይው!» እያለ ነው የገባው። ከዚያ ሻሼን አየ። ከረጢቱን መሬት አስቀመጠና፦

«ዳፊንካ፣ ግድግዳው ላይ እኮ አላየሁም» አለኝ።

ይህን ሲለኝ እንደ ጥፋተኛ ነበር። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን በእጆቹ ይዞ አለቀሰ። እንግዶችዎም በሰዓታቸው ደርሰው ፎቶ አነሡት። ባለፈው ሳምንት የወጣውን አዲሱን የዕቅድዎን እትም ሰዎች አመጡልኝ፤ በሽፋኑ ላይ ሜቶዲ በሰማያዊው በር ሥር ተቀምጧል፤ ከሥሩ «በአሮጌው ከተማ ሕይወት በዝግታ ይፈስሳል» የሚል ተጽፏል። አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፣ ነገር ግን ይህን ሽፋን ካየሁ ወዲህ ሌላውን መቁጠር ትቻለሁ።

እንግዳ አይምጣ የምል ሴት አይደለሁም። ትከሻ የሰጠኝ እንግዳ ነው። ሰው ሁለት ቀን ዕረፍት ሲያገኝ አሮጌ ከተማ ማየት ቢያምረው ምን ክፋት አለው? እኔንም ያምረኛል። ነገር ግን የሚያየው ከተማ ሰው የሚኖርበት ከሆነ ሰው ይሞትበታል። እርስዎ የፋቁት ከድንጋይ ላይ ሙጫ አይደለም፤ ከሁለት መቶ ሰው ላይ ስንብቱን ነው የፋቁት። ባለቤቴን ያለ ሰው አስቀበሩኝ። ይህን ላለሰልሰው ብፈልግም አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የፊታችን ቅዳሜ የሊዩበን አርባ ነው። ቀብሩ ከተማውን አምልጦታል፤ አርባው ግን አያመልጠውም። ወረቀቱን ነገ ረቡዕ በማለዳ በራሴ እጅ በበሬ ላይ እለጥፋለሁ፤ በፌርማታው፣ በዳቦ ቤቱና በድልድዩ ላይም የአራት ቁጥር ተሳፋሪዎች ይለጥፉልኛል፣ ይህን ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ይርዳኝ። ጸሎቱ በቅድስት ፔትካ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ ትንሽ ይረዝማል። ወረቀቶቹ እስከ ቅዳሜ ማታ ሳይነኩ እንዲቆዩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

አይሆንም ካሉም መብትዎ ነው፤ ግድግዳው የከተማው ነውና። በሩ ግን የእኔ ነው። ከበሬ ላይ ያ ወረቀት ቅዳሜ ሳይመሽ የተነሣ እንደሆነ ሰኞ በማለዳ በሩን ቡኒ እቀባዋለሁ፤ ያውም እንደ ጫማ ቀለም ያለ ቡኒ። ብሩሹን ገዝቻለሁ፣ ባልዲውም መተላለፊያው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሰዓት ተኩል ሃያ ደቂቃ የሚሆን ሌላ ነገር መፈለግ የእርስዎ ድካም ይሆናል። ሊዩበን የቀባውን ቀለም መሸፈን ልቤን ይሰብረዋል፤ ሆኖም የእርሱን ፊት የማይታገሥ በር ለእኔም አያስፈልገኝም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ዕቅድዎን ስላዛባሁ፣ በጉብኝት መስመርዎ መካከል መበለት ሆኜ በመገኘቴም ጭምር ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክብርዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ ለቅጾችዎና ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜን በመመኘት፣ በበርሜል ሠሪዎች ጎዳና የምትታየው ነገር ግን የማትጠየቀው፣

የእርስዎ አክባሪ
ዳፊንካ ሂሪስቶስኮቫ
የሊዩበን ሚስት

ማስታወሻ፦ እርስዎም የከተማችን ልጅ ነዎትና፣ እግዚአብሔር ያርቀው እንጂ፣ ቀንዎ ሲደርስ ቤተሰብዎ በቅጽ እንዳይንገላታ አስቤበታለሁ። በሕይወት ካለሁ የእርስዎን ወረቀት እኔው ራሴ ከድልድዩ እስከ ምሽጉ እለጥፍልዎታለሁ፤ ቂም የለኝም፣ ሙጫም አላጣም። ከግማሽ ቀን በላይ እንዲቆይ ከፈለጉ ግን እርስዎን ለሚተካው ኃላፊ ከወዲሁ ቢነግሩት መልካም ነው።