ጋሽ ፕራሰርትን በሳሙና ያስታጠብኩ ዕለት

ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ አስካል፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ተወሽ? የጓሮው ጌሾስ ያዘልሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ጆሮዬ ውስጥ ከቀረው ውኃ በቀር ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ።

ውኃው ከየት መጣ ትይኛለሽ። እዚህ አገር በሚያዝያ ዘመን ሲለወጥ ሰው ውኃ ይራጫል። ሌላ ጊዜ ቀና ብሎ የማያይሽ የባንክ ጠባቂ ሳይቀር ባልዲ ይዞ ያደፍጥብሻል። እኔ እስካሁን የምሸጠውን የኦፓል ድንጋይ ታቅፌ፣ በሬን ዘግቼ ነበር የማሳልፈው። ዘንድሮ ግን የግድ ሆነ። አንቺ በስልክ "አባቷ ሳይመርቁህ ዋሊን ብታገባ አላውቅህም" አልሽኝ፤ ሰውዬው ደግሞ የጋብቻ ነገር ባነሳሁ ቁጥር "እህ" ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም። ዋሊ ናት "በአዲስ ዓመት ሽማግሌ ምርቃት አይነፍግም፤ ያን ዕለት ናና እጃቸው ላይ ውኃ አፍስስ" ያለችኝ።

ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ በሞተር ወጣሁ። ገና ድልድዩን ሳልሻገር አንዲት ባልቴት የአትክልት ማጠጫ ጎማ ደገኑብኝ። "እማማ፣ አማች ልሆን እየሄድኩ ነው፣ ይማሩኝ!" ብላቸው "ታዲያ ንጹሕ ሆነህ ሂዳ!" ብለው ከአናቴ ጀመሩ። ሌላው በረዶ ያለበት ባልዲ ደፋብኝ፤ አንዷ ደግሞ ፊቴን በነጭ ዱቄት ለቀለቀችው። ዝናብ የመታው ዶሮ መስዬ ደረስኩ።

የዋሊ አባት ጋሽ ፕራሰርት በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ በየተራ እየተንበረከከ ከትንሽ የብር ጎድጓዳ ሳህን የአበባ ውኃ መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጋል፤ እሳቸውም ይመርቃሉ። ጠዋት የእርሻቸው የውኃ ሞተር ተበላሽቶ ሲጠግኑ ስላረፈዱ እጃቸው እስከ አንጓው በግራሶ ጠቁሯል።

ተራዬ ደረሰ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያገር ያለህ! ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ምን እንደሚደረግ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሳላስበው ከቧንቧው ሥር ሳሙና አነሳሁ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ የአበባውን ውኃ በሙሉ ገለበጥኩት። "ይሹት፣ ደህና አድርገው ይሹት" እላለሁ ደግሞ! አክስቷ "ውይ በሞትኩት! ወንድሜን ሊያጥበው ነው!" ብለው ጮኹ። ዋሊ ጥርሷን ነክሳ "ጠብታ ነው ያልኩህ፣ ጠብታ! ጉድ ሠራኸኝ" አለችኝ። ይመር፣ አለቀልህ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ፕራሰርት አረፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ማሸት ጀመሩ። ግራሶው እየለቀቀ ወረደ።

"ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሁሉ ዘር ምርቃቴን ዘርፎ ይሄዳል፤ እጄ መቆሸሹን ያየ ይሄ የሰው አገር ሰው ብቻ ነው! በል ጨምር፣ ክርኔ ላይም አለ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሌላ ውኃ ይዘው የመጡት አክስቷ ራሳቸው ናቸው።

ካደረቅኩላቸው በኋላ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ዕድሜና ጤና፣ በላዩም ዋሊን መረቁልኝ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። ከዚያ ግን "የእናትህን እጅ ዛሬ ማን አስታጠበ?" ሲሉኝ ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"እንግዲያው ይሄ ግማሽ ምርቃት ነው፤ ግማሹ እሷ ጋ ነው። ሳትመጣ ሰርግ የለም" አሉ።

ስለዚህ እማዬ፣ ፓስፖርት አውጪ። አውሮፕላን እፈራለሁ እንዳትይኝ፤ ሰውዬው ቃላቸውን አይለውጡም፣ እኔም ያላንቺ አልዳርም።

እህቴን ጥሩዬን ሳሚልኝ። አያ ደጉን ሰላም በይልኝ፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚሸኝሽ እሱ ነው፣ ካንገራገረ በእኔ ስም ገስጪው። ለትንሹ ሙላትም ውኃ መራጨት የማያስቆጣበት አገር እንዳለ ንገሪው።

ግማሽ የተመረቀው ልጅሽ ይመር
ቻንታቡሪ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.