የአስካለ ቀጠሮ

ሰኞ
የካርዱን ቁጥር የሰጠኋት እኔው ነኝ። ማርታ እኔ የምሠራበትን የክሊኒካችንን ካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር የምታዞረው ልጅ ናት። ፕሮግራሙ በየጠዋቱ ራሱን እንዲፈትን አድርጋዋለች፤ አንድ ካርድ ይፈልጋል፣ ቀጠሮ ይይዝለታል፣ መልሶ ይሰርዘዋል። ከተሳካለት አረንጓዴ፣ ካልተሳካለት ቀይ ያሳያል።
«ጋሼ፣ መረጃው የተሟላ፣ ማንም የማይነካው ካርድ ይስጡኝ» አለችኝ። በቃሌ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የባለቤቴን የአስካለን። ማረፏን አልነገርኳትም። ካርዱም ላይ አልሞላሁም። ካረፈች ይኸው ሁለት ዓመት።

ማክሰኞ
አረንጓዴ። «የሰጡኝ ካርድ ገደኛ ነው» አለች። ዝምታም ውሸት ይሆን? ንስሐ አባቴን መጠየቅ አለብኝ።
ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። የተባለውን አላስታውስም።

ረቡዕ
ጠዋት ሙከራው መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ቀጠሮው ተይዞ ሳይሰረዝ ቀረ፤ ማንም ልብ አላለም። መብራት ሲመለስ ሲስተር ከኮምፒውተሩ የቀጠሮ ዝርዝር ተራ መጥራት ጀመረች። አዲስ ናት፤ እኛን አታውቅም።
«ወይዘሮ አስካለ!» ደግማ ጠራች።
«ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል» አሉ አንዲት እናት።
«ቀጠሮ ይይዙና ገበያ ይወጣሉ» አለች ሲስተር።
አላለቀስኩም። ግን እኔም በሩን እያየሁ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

ሐሙስ
ለማርታ ነገርኳት።
«ምነው ጋሼ፣ ሳይነግሩኝ?»
«ማንም የማይነካው አልሽኝ።»
«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ሙከራ በእውነተኛ ሰው ካርድ አይሠራም፤ የራሱን ሰው በስም ብቻ ፈጥሮ፣ ሲጨርስ ራሱ ማጥፋት አለበት። «የእሳቸውን እኔ አልነካውም። ካልተዘጋ ግን ለደም ግፊት ክትትል ሲስተሙ በየወሩ ይጠራቸዋል» አለች።
ስጸልይ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለ። ብተወው በየወሩ ትጠራለች። ብዘጋው በገዛ እጄ።

ዓርብ
ማርታ ለሙከራው ሰው ፈጠረች። «ስም ያውጡለት» አለችኝ።
«ሙከራ አንድ በይው።»
«ክርስትና አያስነሱትም?»
«አርባ ቀን መች ይቆያል?»
ሳቀች። ያለ አስካለም አረንጓዴ ሆነ።
ከምሳ በኋላ ካርዷን ከፈትኩ። «ያረፉበት ቀን» የሚለው ባዶ ነው። ሞላሁት። «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ምንም አልተሰማኝም።
«ነፍስ ይማር» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።
ማርታ ጴንጤ ናት፤ በእነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው እንደማይጸለይ አውቃለሁ። ከኋላዬ «አሜን» አለች።