የኦስኮም ነጭ ፈረስ አምስተኛ እግር

እኔ አምብሮዝ ቲዛርድ፣ የኦስኮም መንደር ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ቀን 1961 የመጨረሻ ቃሌን ለጸሐፊዋ ለወይዘሪት ኮልቦርን አስጽፋለሁ። ምስክሮቼ ቄስ ፌርዊክና ከሃርንሌ መንደር የመጣው ታናሽ ወንድሜ ሩበን ናቸው። ምስክር አይወርስምና የሩበን ድርሻ መስማት ብቻ ነው።

ቤቱን፣ በጎቹንና የፖም ዛፎቹን ለልጄ ለሄስተር ሰጥቻለሁ። ውሻዬ ከቄሱ ጋር ይኑር፤ ስብከታቸውን ሳያንቀላፋ የሚሰማ እሱ ብቻ ነው።

ኮረብታውም የሄስተር ነው። በላዩ ሣሩ ተገፍፎ ከሥሩ ባለው ነጭ ጠመኔ የተቀረጸው ግዙፍ ነጭ ፈረስ ግን የሁላችንም ነው። ከኦስኮም ጠማማ ደወል ቤትም፣ ከሃርንሌ ወፍጮም ይታያል። እንዲህ ያለ ውበት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ እርግጥ ከአውራጃችን ወጥቼ አላውቅም። ልማዳችን በየሰባት ዓመቱ ሁለቱ መንደሮች አብረው ወጥተው፣ ሣሩን ነጭተው፣ ነጩን ጠመኔ ወቅጠው ማደስ ነበር። ካልታደሰ ሣር ይውጠዋል።

በ1921 የወጣን ዕለት ጉም ነበር። ኦስኮሞች በእኔ መሪነት ከምሥራቅ፣ ሃርንሌዎች በሩበን መሪነት ከምዕራብ፣ ሁለት ሁለት እግር ልናድስ ቆፈርን። ጉሙ ሲገፈፍ ፈረሱ አምስት እግር አብቅሎ ተገኘ። «ትርፉ የእናንተ ነው!» ብዬ ሩበንን በሰው ፊት ውሸታም አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። መንደሮቹም ለየብቻ እየወጡ የየራሳቸውን እግር ብቻ ያጸዳሉ። የፈረሱ ሆድ ዛሬ አረንጓዴ ነው።

እውነቱ ይጻፍ፤ ትርፉ እግር የእኔ ነው። የእግሩን ቦታ የሚያሳየውን ችካል ያለ ቦታው የተከልኩት እኔ ነኝ። ገና ስንቆፍር አውቄው ነበር፤ ኩራት አፌን ያዘው። ሩበን፣ በድዬሃለሁ። ሄስተር ሁለቱን መንደሮች ጠርታ ፈረሱን ታሳድስ፤ የእኔን እግር ግን ሣር ታልብሰው።

ወይዘሪት ኮልቦርን፣ ይህንንም ይጻፉት፤ ሩበን ብዕሩን አስቀመጠ።

«አልፈርምም።»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ? አመንኩልህ እኮ!»

«አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ያንን እግር ስሰድብ ኖሬያለሁ። አንተም ሄደህ፣ እሱም ጠፍቶ፣ እኔ ማንን ልስደብ? ሰርዘው፣ አንተ ግትር!»

ተሰርዟል። ፈረሱ ከነአምስት እግሩ ይታደስ። አምስተኛውን የሚያጸዳው ግን ሩበን ነው፤ ምስክር አይወርስም ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም።

ይህ ቃሌ ነው፤ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

አምብሮዝ ቲዛርድ

ምስክር፦ ቄስ ፌርዊክ፣ የኦስኮም ቤተ ክርስቲያን

ምስክር፦ ሩበን ቲዛርድ፣ ከሃርንሌ፣ ወንድሙ